ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ሥዕል ስትመለሱ

ከሥዕልና ከማኅበራዊ ሚዲያ ርቆ የቆየ ሠዓሊ ከስልኩ በፊት ወረቀቱን ይፈትሽ። የጅማ ክረምት እርጥበት ወረቀት ያበላሻል። ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ቀለም አሳርፉ፤ ጠርዙ እንደ ፀጉር ከተበተነ ለውሃ ቀለም አይሆንም፣ የእርሳስ ንድፍ ይሠራበት። አክሪሊክ ቀለም የደረቀበትን ብሩሽማ ውሃ አያድነውም።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ደቂቃ፣ በ2ቢ (ለስለስና ጠቆር ባለ) እርሳስ፣ አንድ ነገር ብቻ ሣሉ። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ጥሩ ነው፤ ከአንድ ግንድ ስለሚጠረብ መጋጠሚያ የለውም። ብዙ ሰው መቀመጫውን ያስቀድምና እግሮቹ አየር ላይ ይቀሩበታል። መሬት የሚነኩትን ሦስት ነጥቦች አስቀድሙ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይቆያችሁ፤ የእንጨት ሥራው እጁን ላላፍታታ ሰው ፈተና ነው።

10 ሥራ ሳይጠራቀም አትለጥፉ፤ አንድ ለጥፎ ላይክ መቁጠር እጅ ያስራል። ፎቶውን በጥላ፣ ያለ ፍላሽ አንሱ፤ እርሳስ በፍላሽ ያብረቀርቃል።