ብረት አስተኔዎችን በአንድ መስመር መለየት

የፔሬዲክ ሰንጠረዥን የምታጠኑ ተማሪዎች፣ 118ቱን ንጥረ ነገሮች ብረት አስተኔና ኢ-ብረት አስተኔ እያላችሁ አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ በሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ብታሰምሩ ይበልጥ ትጠቀማላችሁ። መስመሩ ከቦሮን ግራ ጎን ይነሣና በቦሮንና በአሉሚኒየም መካከል አልፎ፣ እንደ ደረጃ አንድ ወደ ቀኝ አንድ ወደ ታች እያለ እስከ አስታቲን ይወርዳል። ከመስመሩ በስተግራ ያሉት ብረት አስተኔዎች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም እጅግ ይበዛል፤ በስተቀኝ ከላይ ያሉት ደግሞ ኢ-ብረት አስተኔዎች ናቸው። እንደ ቦሮን፣ ሲሊከንና አርሰኒክ ያሉት የመስመሩ አዋሳኞች የሁለቱንም ጠባይ ይጋራሉ። አሉሚኒየም ግን መስመሩን ቢነካም ብረት አስተኔ ነው፤ ሃይድሮጂንም በግራ ጫፍ ቢቀመጥም ኢ-ብረት አስተኔ ስለሆነ፣ ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ።

ምክንያቱን መረዳት ግን ከመስመሩም ይበልጣል ባይ ነኝ። የካርቦንን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ብትመለከቱ፣ ካርቦን ኢ-ብረት አስተኔ፣ ሲሊከንና ጀርማኒየም መካከለኞች፣ ቲንና ሊድ ደግሞ ብረት አስተኔዎች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የአምስቱም የውጭ ኤሌክትሮኖች አራት አራት ቢሆኑም፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ከኒውክለሱ እየራቁ ስለሚሄዱ በቀላሉ ይለቀቃሉ፤ ኤሌክትሮን መልቀቅ ደግሞ የብረት አስተኔዎች ዋና ጠባይ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል፤ የኒውክለሱ ፖዘቲቭ ቻርጅ እየጨመረ ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በሦስተኛው ረድፍ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሲለቅ ክሎሪን አንድ ይቀበላል።