ኢንሹራንስ ዘመድን አያውቅም፦ አገር ቤት መኪና ለምታቆሙ

በየጊዜው ሰው ይደውልልኛል። "አዲስ አበባ መኪና ትቼ ልመለስ ነው፣ ጂፒኤስ የት ላስገጥም?" እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ነው። ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ "የወንድሜ ልጅ ጋ፣ በጣም ጨዋ ልጅ ነው" ይሉኛል። የኔም ጨዋ ነበር።

የኛ መኪና አይሱዙ ናት። ካሶኒዋን፣ ማለትም የጭነት ሳጥኗን አስወርደን ቤት አሠራንባት። አልጋ፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ የውሃ ታንከር፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሶላር። ሐሳባችን ጡረታ ስንወጣ ባሌንም ኦሞንም በሷ ልንዞር ነው። እስከዚያ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በዓመት አንድ ወር እንነዳታለን፣ ሌላውን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ግቢ ትቆማለች።

ጥር ላይ የላከልኝን ፎቶ እስካሁን አልሰረዝኩትም። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች። "ሰላም ናት፣ አታስቢ" ይላል ከሥሩ። ጎማዋ ሥር ግን ጭቃ ነው፣ አጠገቧም ውሃ አቁሯል። በጥር! የክረምት ፎቶ ነበር የሚልክልኝ። ይህንንም ያየው ባለቤቴ ነው፣ ያውም ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ።

ለካ በቀን ሒሳብ ያከራያት ነበር። አንዱ ተከራይ የራሱን ሾፌር ይዞ መጣ፣ በ3 ቀን እመልሳለሁ ብሎ ወሰዳት፣ በዚያው ቀረ። ልጁ ለኔ ሳይነግር 3 ሳምንት ብቻውን ሲፈልግ ከረመ። "እንዳትደነግጪ ብዬ ነው" አለኝ። በመጨረሻ ሞጆ አካባቢ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ሶላሩ የለም፣ ባትሪዎቹ የሉም፣ ፍሪጁ፣ ስኮርታው፣ ክሪኩ የለም። ስፖኪዮዎቹ ከነእግራቸው ተነቅለዋል። አልጋችን ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተበትኗል። ሽንኩርት ጭነውባታል፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ።

ሙሉ ኢንሹራንስ ነበራት። (በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለው ሶስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ ነው፤ ለተሰረቀባችሁ መኪና ግን አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ይህን ለማወቅ መሰረቅ የለባችሁም።) ድርጅቱ ግን አልከፍልም አለ። ተናድጄ ፖሊሲውን፣ ማለትም የመድን ውሉን አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። እነሱ ልክ ናቸው።

አንደኛ፣ መድን የገባሁት ለግል አገልግሎት ነው፣ መኪናዋ ግን ለኪራይ ስትሠራ ነበር። አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ሲኖር በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ በንግድ ሕጉ ተጽፏል። እኔ ምኑን አውቄ ላሳውቅ? ሁለተኛ፣ ጉዳት ሲደርስ ለመድን ሰጪው በ5 ቀን ውስጥ መንገር አለባችሁ። የኛ ልጅ ደግሞ ይሉኝታው ብቻ 3 ሳምንት ፈጀ። ሦስተኛ፣ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው "አይሱዙ፣ የጭነት" ነው። አልጋው፣ ሶላሩ፣ ፍሪጁ የትም የለም። ቤት ስታሠሩባት ሊብሬው ላይ ያለው መግለጫ እንዲስተካከል አድርጉ፣ እያንዳንዱን ዕቃም ከነዋጋውና ከነፎቶው ውሉ ላይ አስመዝግቡ።

አራተኛው ነው ያንገበገበኝ። የመድን ሽፋኑ ለስርቆት ነው። ቁልፉን በእጁ የሰጣችሁት ሰው መኪናዋን ይዞ ሲጠፋ ግን "እምነት ማጉደል" ይባላል። በወንጀል ሕጋችን ስርቆት ቁጥር 665 ነው፣ እምነት ማጉደል 675። ልዩነቱ 10 ቁጥር ነው፣ እኔ በዚያ 10 ቁጥር ውስጥ ሰመጥኩ። አጥር ዘሎ፣ በር ሰብሮ ቢወስዳት ኖሮ እኮ ይከፍሉኝ ነበር። ውል ስትፈርሙ "በአደራ የያዘው ሰው ቢያጠፋትስ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ስል አክስቴ ደወለች። "ልጄን ልታሳስሪብኝ ነው? ለብረት?" ቀጥሎ ሽማግሌ ላከች፣ በቫይበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ስልክ ላይ ተደራርበው "ልጅ ነው፣ ተሳስቷል" ይሉኛል። ልጁ 34 ዓመቱ ነው። እናቴ ደግሞ ለብቻዋ ደውላ አለቀሰች። ተውኩት። እናንተም ትተዉታላችሁ፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ አስቡበት። ልታስከስሱት የማትችሉትን ሰው ጠባቂ አታድርጉ። የኔ ምርጫ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ውል የፈረመና ዘመዴ ያልሆነ ሰው ነው። ዘመድ በነፃ ሲጠብቅላችሁ ድካሙን በመኪናዋ ይከፍላል። ዛሬ ለሠርግ፣ ነገ ለሐዘን፣ ከነገ ወዲያ ለሽንኩርት።

ውክልናውስ? ኤምባሲ ታረጋግጣላችሁ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ወረፋውን ታውቁታላችሁ። አደገኛው ወረፋው ሳይሆን ተዘጋጅቶ የሚሰጣችሁ ጽሑፍ ነው። "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል" ይላል፣ በአንድ ትንፋሽ። እኔ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። "እንዲያከራይ" የሚለውን ቃል የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ቦሎ ለማሳደስና ኢንሹራንስ ለመክፈል ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? የምትፈልጉትን ሥራ ብቻ አስጽፉ። "ሌላ ሰው እንዲወክል" የሚለውን ደግሞ እዚያው ቆማችሁ አስወጡት። ውክልና ስትሽሩም ለወኪሉ በስልክ መንገር አይበቃም፣ መሻሩን ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ አስመዝግቡ።

አሁን ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፣ ሊብሬው ሌላ ሰው ጋ፣ ውክልናው ሦስተኛ ሰው ጋ። ሦስቱ አይዋደዱም፣ ጥሩ ነው። መኪናዋ ዘበኛ ያለው ጋራዥ ግቢ ትቆማለች። በየቅዳሜው በቪዲዮ ይደወልልኛል። የላኩትን ፎቶ አላይም። ጋቢናውን ከፍተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እያየሁ ያሳዩኛል፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጂፒኤሱ የሚጮኸው በኔ ስልክ ነው። ሞተር የሚቆርጥ ድብቅ ማጥፊያም አለ፣ የት እንዳለ ለጠባቂው አልነገርኩትም። ስፖኪዮውና መስታወቶቹ ላይ የሰሌዳ ቁጥሯን አስቀርጸናል። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ቢገኙ እንኳ እንለያቸዋለን።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ ፖሊሲው ላይ የሚጻፈው የመኪናዋ ዋጋ ግምት። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና ማስገባትም ተከለከለ። የቆመችው መኪናችሁ ዋጋ ሲወጣ ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር እዚያው ተቀምጧል። 4 ሚሊዮን የምታወጣውን በ2 ሚሊዮን ካስገመታችሁ፣ መድን የገባችሁት በግማሽ ዋጋዋ ስለሆነ የ1 ሚሊዮን ዕቃ ሲዘረፍ የሚሰጣችሁም ግማሹን ነው። አረቦኑን፣ ማለትም የመድን ክፍያውን በየዓመቱ ስትከፍሉ ግምቱንም አብራችሁ አሳድሱ።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው አገባ። ለሚዜዎቹ መኪናዋን ጠየቀኝ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ እንኳ አልነገርኩትም።