የወንድ ዘር ህዋስ በላቦራቶሪ አልበቃ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ ለጎንደር ባለሙያዎች

ከሰውነት የወጣ የወንድ ዘር ህዋስ ወዲያውኑ እንቁላል ማዳበር አይችልም፤ በሴቷ የመራቢያ አካል ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ መብቃት አለበት። ተመራማሪዎቹ ቻንግ እና ኦስቲን በ1951 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው የደረሱበት ይህ ሂደት ካፓሲቴሽን ይባላል። በላቦራቶሪ ለመድገም ባይካርቦኔት፣ ካልሲየምና አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን የግድ ናቸው። ባይካርቦኔቱ ሳይክሊክ ኤኤምፒ (በህዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ሞለኪውል) የሚያመርተውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒው በተራው ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል። አልቡሚኑ ደግሞ ከህዋሱ ሽፋን ላይ ኮሌስትሮል ይወስዳል።

ምልክት፦ ለአራት ሰዓት ከቆዩ በኋላም ህዋሶቹ ቀጥ ብለው ብቻ ይዋኛሉ

የበቃ ህዋስ ጭራውን በሰፊው እየገረፈ፣ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ እምብዛም ሳይራመድ ይታያል። ይህ ከሌለ መጀመሪያ የሚዲየሙን፣ ማለትም ህዋሶቹ የሚቆዩበትን ፈሳሽ፣ ጠርሙስ ተመልከቱ። አሲድነትን በሚያመጣጥነው ሄፔስ በተባለ ኬሚካል ብቻ የተዘጋጀና ባይካርቦኔት የሌለው ሚዲየም ለማጠቢያ ይሆናል እንጂ አያበቃም። ባይካርቦኔቱ 25 ሚሊሞላር አካባቢ መሆኑን፣ አልቡሚኑም መጨመሩን አረጋግጡ። የዘር ፈሳሹ በደንብ ካልታጠበም ሂደቱን የሚገቱ ንጥረ ነገሮች አብረው ይቀራሉ፤ እንደገና እጠቡ።

ምልክት፦ ህዋሶቹ ያለ ጊዜያቸው ጭራቸውን ይገርፋሉ፣ አክሮሶሙም (በጭንቅላታቸው ላይ ያለው የኢንዛይም ከረጢት) ያለ ቀስቃሽ ይፈነዳል

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ለከተማችን ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። አብዛኛው መመሪያ ኢንኩቤተሩን በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙሉ ይላል፤ ቁጥሩ የተሰላው ግን ለባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ወደ 590 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ይላል። ምስር እዚህ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ግፊት ምክንያት ነው። የውኃ እንፋሎቱ ግፊት 47 ሚሊሜትር ሲቀነስ፣ 5 በመቶው የሚሰጠን 27 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 36 ገደማ ይሆን ነበር። ሚዲየሙን አሲድ የሚያደርገው ጋዝ በማነሱ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከ7.45 አካባቢ ወደ 7.6 ይወጣል። አልካላይነት ደግሞ ካትስፐር የተባለውን የጭራውን የካልሲየም በር የሚከፍት ነገር ነው፤ ካልሲየሙ ያለ ሰዓቱ ይገባል።

ፌኖል ሬድ የተባለ ጠቋሚ ቀለም ያለበት ሚዲየም ይህን በዓይን ያሳያል፦ ጠርሙሱ ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ ብርቱካናማ ቀይ መሆን ሲገባው ወደ ሐምራዊነት ያደላ ሮዝ ሆኖ ይገኛል። መፍትሄው ጋዙን ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ማድረግና ፒኤቹን በሜትር መለካት ነው፤ የኢንኩቤተሩን ማሳያ ቁጥር ብቻ አትመኑ። የቱቦውን ክዳን ላላ አድርጉ፤ ጥብቅ ከተዘጋ ጋዙ አይገባም። መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፤ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ከወረደ ናሙናውን ለውጤት አትጠቀሙበት።

ምልክት፦ ጭራቸውን በደንብ ይገርፋሉ፣ ለፕሮጄስትሮን ግን መልስ የላቸውም

ፕሮጄስትሮን የተባለው የሴት ሆርሞን በሰው የዘር ህዋስ ላይ ካትስፐርን እንደሚከፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ታውቋል። መጀመሪያ ፕሮጄስትሮኑን አዲስ አዘጋጁ። ቀጥሎም ከዚያው ናሙና ላይ ጥቂት ወስዳችሁ ኤ23187 የተባለውን የካልሲየም አዮኖፎር (ካልሲየምን በራሱ ወደ ህዋሱ የሚያስገባ ኬሚካል) ጨምሩበት። አክሮሶሙ ከፈነዳ ጉድለቱ ካልሲየም ከመግባቱ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ ካልፈነዳ ህዋሱ ገና አልበቃም ወይም አክሮሶሙ ራሱ ችግር አለበት። የካትስፐር ጂን የጎደላቸው ወንዶች አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ናቸው። ለማነጻጸሪያ የሚሆን የታወቀ ጤነኛ ለጋሽ ናሙና በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሚዲየም ሳይሠራ፣ ልጅ ላለመውለዳቸው ምክንያቱ «የጂን ጉድለት ነው» ብሎ መጻፍ አይገባም።

ይህን የምለው በሀገራችን ባልና ሚስት ልጅ መውለድ ሲያቅታቸው ጣት ቀድሞ ወደ ሚስቲቱ ስለሚጠቆም ነው። ባልየው ከተመረመረ በኋላም በተበላሸ ሚዲየም የወጣ ወረቀት ትዳር ያናጋል። የማነጻጸሪያው ናሙና ካልሠራ ውጤቱን ለባልና ሚስት አታሳዩ፤ ምርመራው እንደሚደገም ብቻ ንገሯቸው።

ምልክት፦ ህዋሶቹ ከጅምሩ ጥቂትና ደካማ ናቸው

ይህ የካፓሲቴሽን ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ትኩሳት ታምመው እንደነበር ጠይቁ፤ ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርደው ወባ ይዟቸው የተመለሱ ወንዶች ብዙ ናቸው። ዘር ለመሠራት ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድ፣ ከትኩሳቱ ሦስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አዲስ ናሙና ተቀበሉ።