ኤም ዋን፣ ኤስኬኤስ ወይስ ኤአር? ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዴት ይመረጣል

የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት በቴሌግራም ደወለልኝ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም።

"ጋሼ፣ የኢላማ ተኩስ ክለብ ገብቻለሁ። ጠመንጃ ልገዛ ነው። የትኛው ይሻላል?"

እኔን የጠየቀኝ ወዶ አይደለም። ወታደር እያለሁ መሳሪያ ጥገና ላይ ነበርኩ። ስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። የምርጫው ዝርዝር ሦስት ነበር፦ ኤም ዋን (ጋራንድ የሚባለው የድሮ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ)፣ ኤስኬኤስ (የድሮ የሩሲያ ንድፍ) እና ኤአር 15 (ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ ያለው)። ሦስቱም ከፊል አውቶማቲክ ናቸው። ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳሉ። ከዚያ በባሩዱ ጋዝ ጉልበት ቀለሁን ራሳቸው አውጥተው ቀጣዩን ራሳቸው ይጎርሳሉ።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ ይለቅ። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም መሸጥም ያስከስሳል። "አንድ ሰው አለ፣ በርካሽ ያመጣልሃል" ለሚባል ግዢ ይህ ጽሑፍ አይጠቅምም። አሜሪካም ቢሆን ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሲገዛ የማጣሪያ ምርመራ አለ። ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ ይጨምራል። ልጁን መጀመሪያ የላክሁት ይህን አጣርቶ እንዲመጣ ነው።

ቀጥሎ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ከስንት ሜትር ነው የምትተኩሱት? ልጁ የሚተኩሰው ወረቀት ላይ ነው፣ 100 ሜትር አካባቢ። ይህ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ። እስከ 800 ሜትር ይሄዳል እያለ ነጋዴው ቢምል ቢገዘት ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

ኢላማ መምታትን ለመለካት ደግሞ እኔ የቡና ስኒ እጠቀማለሁ። ጅማ ተቀምጬ በምን ልለካ? ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ፣ በ100 ሜትር አምስት ጥይት አንድ ነጥብ ላይ ተኩሱ። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተበታተኑ እዩ። ደህና ኤአር ተራ ጥይት ጎርሶም አምስቱን በስኒ አፍ ውስጥ ያሳርፋቸዋል፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ግድም። ጥሩ ጥይት ከተሰጠው ግማሹ ይበቃዋል። ኤስኬኤስ የስኒ ማስቀመጫውን ይፈልጋል፣ አስር አስራ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ኤም ዋን አፈሙዙ ካልተበላ በሁለቱ መካከል ነው። ሦስት ጥይት ተኩሶ በስልክ ፎቶ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ሦስት ጥይት በዕድልም ይገጥማል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ማነጣጠሪያው ነው። ከኋላ ማነጣጠሪያው እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት ኤም ዋን ላይ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ኤስኬኤስ ላይ 48 ብቻ ነው። ርቀቱ ሲያጥር ትንሽ የዓይን ስህተት ኢላማው ጋ ሲደርስ ትልቅ ይሆናል። በዚያ ላይ የኤም ዋን የኋላ ማነጣጠሪያ ክብ ቀዳዳ ነው፣ ዓይን ራሱ መሃሉን ያገኘዋል። ዓይኔ ከደከመ በኋላ ነው ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሮጌ ጠመንጃ ስትገዙ የምትገዙት አፈሙዝ ነው። ስሙን፣ ቀለሙን፣ የሰደፉን ማማር ለጊዜው እርሷቸው። በመጀመሪያ ግን ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ካዝናውን ባዶ አድርጉ፣ ከፍታችሁ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳስሱ። ባለቤቱ "ባዶ ነው" ቢልም ዳስሱ። ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ስንት ቤት አጥፍቷል።

ከዚያ ጫፉን በደንብ ተመልከቱ። የአፈሙዙ ከንፈር ዙሪያውን እኩል ክብ መሆን አለበት። ጥይቱ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው እሱን ነው። በአንድ በኩል ከተበላ ጥይቱ እየወጣ ይገፋል፣ አቅጣጫውም ይዛነፋል። ኤም ዋንም ኤስኬኤስም የሚወለወሉት ከፊት፣ በአፈሙዙ በኩል ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጫፉን የሚበላው ጥይት ሳይሆን የመወልወያው ዘንግ ነው። ሰነፍ ወታደር የያዘው ጠመንጃ ከታታሪው የተሻለ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን አለ። አለቃዬ ስነግረው አልወደደውም። ኤአር ግን ከኋላ ይወለወላል፣ ጫፉም ከዚህ ጣጣ ይድናል።

ውስጡን በእጅ ባትሪ ብርሃን እዩ። ጥምዝ መስመሮቹ ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ዝገት የበላው ነው። እዚህ ላይ የድሮ ጥይት ጉዳይ ይመጣል። የቀድሞው የምሥራቅ ጎራ ያመረተው አሮጌ ጥይት ማቀጣጠያው ሲፈነዳ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። የጅማን ክረምት አስቡት። ማታ ተኩሶ ሳይወለውል ያደረ ሰው ጠዋት ቀይ አፈሙዝ ያገኛል። ዘይት ብቻውን ጨው አያጥብም። ቀድሞ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። የሩሲያና የቻይና ኤስኬኤስ አብዛኛው አፈሙዙ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ይህን ይችላል። የዩጎዝላቪያው አልተለበጠም። ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ ዋጋ ቢቀርቡላችሁ የቱን እንደምታነሱ ግልጽ ነው።

የብልቶቹን ቁጥርም አስተያዩ። ቁጥራቸው የማይገጥም ከሆነ ከሌላ ጠመንጃ ተለቃቅሞ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። ይህን ባለሙያ ሳያየው አትተኩሱበት።

ኤስኬኤስ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። አብዛኛው ላይ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ስፕሪንግ የለውም፣ ቤቱ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንሸራተታል። በማከማቻ ግራሶ ወይም በቆሻሻ ከተያዘ ወደ ፊት እንደወጣ ይቀራል። ያኔ ጠመንጃው ጥይት ሲጎርስ ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል። ስለዚህ ፈቱት፣ አጽዱት፣ ከዚያ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። መርፌው ሲንቀጫቀጭ ካልሰማችሁ ገና አልጸዳም።

ኤም ዋን ላይ ደግሞ እንጨቱን እዩ። ቃታውን የሚከልለው ብረት ሲዘጋ መጨረሻው ላይ ጠንከር ብሎ መያዝ አለበት። ያለ ምንም ግፊት ከተዘጋ እንጨቱ ተጨፍልቋል ማለት ነው። ብረቱ ውስጡ ይጫወታል፣ ኢላማውም አብሮ ይዞራል። የጅማ በርጩማ ጠራቢ ይህን ሳትነግሩት ያውቀዋል፣ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ሌላው፣ ኤም ዋን ስምንት ጥይት ከነማሰሪያ ብረቱ ነው የሚጎርሰው። ማሰሪያው ከሌለ ጥይቱን አንድ በአንድ በእጅ ማጉረስ ነው። የዛሬ የአደን ጥይት ለእሱ የሚከብደውም አለ፣ የመግፊያ ዘንጉን ያጣምማል። ለኤም ዋን ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ።

ዋጋው ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት የጠመንጃውን ብቻ ስለሚያዩ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የጠመንጃው ዋጋ ሲደመር የ1,000 ጥይት ዋጋ። ልጁ ይህን ሲያሰላ ዝም አለ። የኤም ዋን ጥይት ከኤአሩ በጣም ይወደዳል። ኤስኬኤስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፣ ጥይቱም ርካሽ ነበር። በ1994 የቻይና መሳሪያ እንዳይገባ ታገደ፣ በ2021 ደግሞ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ ቆመ። ርካሽ የሚባለው ስሙ ነው የቀረው። እኔ ኤስኬኤስን የምመክረው ለሚወደው ሰው ነው፣ ለሚቆጥብ ሰው አይደለም።

ማጉያ መነጽርን አትቸኩሉበት። በማነጣጠሪያው ብቻ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ጥይት ተኩሱ። ኤስኬኤስ ላይ መነጽር ከላይ ባለው የብረት ሽፋን ላይ መግጠም በተለይ ገንዘብ መጣል ነው፣ ሽፋኑ ራሱ ይነቃነቃል።

ልጁ ልቡ ኤም ዋን ላይ ነበር። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የያዘው እሱን እንደሆነ እኔው ነኝ የነገርኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሂሳቡን ካየ በኋላ ግን ተራ ኤአር ገዛ፣ የተረፈውን በጥይት ጨረሰው። በሁለተኛው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። ወረቀቱ ላይ የቡና ስኒ ደፍቶ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሮበታል። አራቱ ቀዳዳ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል።

"ይቺስ?" አልኩት።

"ንፋስ ነው ጋሼ።"