ነቅላችሁት የሚመለስ ተክል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አንዳንድ ተክል ሲተከል አንድ እግር ነው። ከዓመት በኋላ መደቡን ሞልቶ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ የሌላው ተክል ጉያ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ዶማ ያነሳል። ቆይ! አንዱን የሚገድል ዶማ ሌላውን ያባዛዋል። መጀመሪያ አንድ እግር ብቻ በጥንቃቄ ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡ። አፈሩን አራግፉና እዩት። በየት በኩል እንደሚሄድ ሳታውቁ የምታደርጉት ሁሉ ጭፍን ልፋት ነው።

ከተተከለበት ራቅ ብሎ አዲስ ቡቃያ ብቅ ይላል

የዚህ ዋና ተጠርጣሪ ናና ነው። ቡቃያውን ሳትነቅሉ ዙሪያውን ብትጭሩ፣ ወደ ጎን የሚሄድ ነጣ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ሥር ይመስላል እንጂ ግንድ ነው። በየአንጓው ቀጫጭን ሥር ወደ ታች፣ ቡቃያ ደግሞ ወደ ላይ ያወጣል። ስለዚህ እናትየውን ብትነቅሉም ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል።

ደግነቱ ናና ወደ ጥልቀት አይወርድም። አፈሩን አርጥባችሁ በአትክልት ሹካ ከሥር ፈንቀል ብታደርጉት ተያይዞ ይወጣል። አካፋ ግን ይቆራርጠዋል። ከዚያ በኋላ ናና የሚኖርበት ቦታ አንድ ነው፤ ዕቃ ውስጥ። ዕቃውን መሬት ውስጥ መቅበር ካማራችሁ፣ ከንፈሩ ከአፈሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ያም ሆኖ ግንዱ በከንፈሩ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ሥሩም በውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ይሾልካል። አልፎ አልፎ ማየት ግድ ነው። ዕቃው ሲሚንቶ ላይ ቢቀመጥ ግን ግማሹ ጣጣ ያበቃል።

ቅጠሉ እጅ ላይ ይቀራል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ያው ይበቅላል

ሳር የሚመስለውን ይህን ተክል ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት። ሦስት ጠርዝ ከተሰማችሁ ሳር ሳይሆን የእንግጫ ዘመድ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም አስቸጋሪው ይኸኛው ነው።

ቀስ ብላችሁ ብትቆፍሩት፣ በቀጭን ክር መሳይ ሥር ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደሩ ጠንካራ ቡናማ እንክብሎች ታያላችሁ። ቅጠሉን ስትጎትቱ ክሩ ይበጠሳል። እንክብሎቹ እዚያው ይቀሩና ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል። መደቡን በማረሻ ስትገለብጡት ደግሞ እንክብሉን ለመላው ግቢ አደላችሁት ማለት ነው።

መፍትሄው ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ቡቃያው አምስት ስድስት ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ንቀሉት። በዚያ ዕድሜው የሚኖረው እንክብሉ ባጠራቀመው ስንቅ ነው፤ አዲስ እንክብልም ገና አልሠራም። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ሳትሰለቹ ከደጋገማችሁት ስንቁ ያልቃል። አንድ ወር ብትዘናጉ ግን አዲስ እንክብል አፍርቶ ይጠብቃችኋል። ስስ ላስቲክ አንጥፌ አፍነዋለሁ ብላችሁም አትድከሙ። ጫፉ ሹል ስለሆነ በስቶት ይወጣል። ቦታው ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነም የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የሚተኛ ውሃ ካለ ፈልጉ። ረግረግ ይወዳል።

ሰርዶው ተኮትኩቶ በሳምንቱ ይመለሳል

ሰርዶ ከላይም ይሳባል፣ ከውስጥም ይሄዳል። አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ ብቻ ለአዲስ ሕይወት ይበቃዋል። በመኮትኮቻ ከታተፋችሁት በቁራጩ ልክ ችግኝ አፈላችሁ።

ድክመቱ ጥላ ነው። ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ ለአንድ የእድገት ወቅት በሙሉ ከሸፈናችሁት ይዳከማል። ፀሐይ በሚበረታበት ወራት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ሳሩን ወደ መሬት አጭዳችሁ፣ አፈሩን በደንብ አጠጡ። ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወጥራችሁ ጠርዙን በአፈር ቅበሩ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሲቆይ ሙቀቱ ከላይ ያለውን ያበስለዋል። ጥላማ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። እዚያ ያው ላስቲክ ለአረሙ የሚመች ሞቃት ቤት ይሆንለታል። ደግሞም በጥልቀት የተቀበረው ግንድ ሊተርፍ ስለሚችል፣ ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ ብቅ የሚለውን በእጅ እየተከታተሉ ማውጣት አይቀርም።

ቀርከሃው አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ

ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባለበት እየተጠጋጋ ይወፍራል፤ ሌላው ከመሬት በታች ይሮጣል። ጠብ የሚያመጣው ሯጩ ነው። ሳይተከል ቢሆን ኖሮ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ግድግዳ ዙሪያውን ቀብሮ፣ ጫፉን ከአፈር 5 ሴንቲ ሜትር ማሳለፍ ነበር።

አሁን ከሮጠስ? ከዋናው የሚያገናኘውን ግንድ በስል አካፋ ቁረጡ። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቡቃያ ገና ለስላሳ ሳለ ስበሩት። ቅጠል ሳያወጣ የተሰበረ ቡቃያ ለሥሩ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ሁለት ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከጎረቤት ጋር ደግሞ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል፤ በእናንተ በኩል ብቻ ብትሠሩ ከዚያ ወገን ይመለሳል።

ችግኙ ባልተከላችሁበት ሁሉ ይፈላል

ይህ የዘር ጉዳይ ነው። የወፍ ቆሎን ወፎች በልተው ይዘሩታል፤ ሌላውን ነፋስ። አበባው ሲጠወልግ ዘር ሳይዝ ቁረጡ። አፈሩን ደጋግማችሁ አትገልብጡ፤ ከታች የተኛው ዘር ብርሃን አግኝቶ ይነቃል። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ ማልበስ ይሻላል። የወፍ ቆሎ ጉቶውም ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ከነሥሩ ይውጣ። ጓንት አድርጉ።

ኩሬው በቅጠል ተሸፈነ

እምቦጭ ከአማዞን ምድር የወጣው በአበባው ምክንያት ነው፤ ሰው ለውበት ብሎ ተሸክሞ አዞረው። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሙሉ ልቀሙት፣ ከውሃው አርቃችሁ አድርቁት። ወደ ወንዝ መጣል ፈጽሞ አይታሰብም።

መድኃኒት ብረጭስ?

ግላይፎሴትን የመሰለው አረም ገዳይ ኬሚካል በቅጠል ገብቶ ነው ወደ ሥር የሚወርደው። አጭዶ መርጨት ስለዚህ ገንዘብ መጣል ነው፤ ቅጠል ያስፈልገዋል። ከረጩ በኋላም ወዲያው አይቆፈርም። የነካውን አረንጓዴ ሁሉ ስለሚጎዳ ከምትወዱት ተክል ጋር የተጠላለፈ ላይ አትርጩ። መጠኑ በዕቃው ላይ በተጻፈው ይሁን።

የነቀልኩትን ምን ላድርገው?

ኮምፖስት ላይ አትጣሉት። የቤት ኮምፖስት ብዙ ጊዜ ይህን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት የለውም፤ ዘሩም እንክብሉም ተመልሶ መደብ ላይ ይዘራል። ሥርና ግንዱን ሲሚንቶ ላይ ዘርግታችሁ ድርቅ እስኪል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ፀሐይ ላይ አቆዩት። ፀሐይ ከሌለ ክዳን ባለው ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ሟሙቶ ዝቃጭ ሲሆን ያን ጊዜ ኮምፖስት ላይ መድፋት ይቻላል። ሽታው ግን ከባድ ነው፤ ባልዲውን ከመስኮት አርቁት።