ዘንዶው መጣ ወይስ መታ? በጽሑፍ ለሚጫወቱ የሚና ጨዋታ ቡድኖች የፊደል ግድፈት ችግርና መፍትሄ

በቴሌግራምና በዲስኮርድ በአማርኛ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ አንድ የታሪክ ሰው (ካራክተር) ሆኖ የሚጫወተውን፣ ስንጫወት ሥዕልም ድምፅም የለንም። ያለን ፊደል ነው። አንዷ ስትዛነፍ መሞት የሌለበት ካራክተር ይሞታል።

በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ የጀመረውና ሪቻርድ ባርትል ያሳደገው መድ የተባለ የጽሑፍ ጨዋታ ነበር። ትእዛዙን የሚያነበው ኮምፒውተር ስለሆነ የማያውቀው ቃል ሲደርሰው እዚያው ይቆማል። የእኛን የሚያነበው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ገምቶ ያልፋል። ግምቱ ስህተት እንደነበር የሚታወቀው ብዙ ተራ ካለፈ በኋላ ነው።

ተጫዋቾቹ እናንተ ያላላችሁትን ይሠራሉ

አንድ ማታ ጨዋታውን የምመራው (ጌም ማስተሩ) እኔ ነበርኩ። «ዘንዶው በግራ በኩል መጣ» ለማለት «ዘንዶው በግራ በኩል መታ» ብዬ ላክሁ። በግራ የቆመችው ፈዋሻችን ከራሷ ሕይወት 8 ነጥብ ቀንሳ ቡድኑ የቀረውን አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ጠጣች። እኔ ሳየው ሦስት ተራ አልፏል።

ምክንያቱ ሺፍት ነው። በድምፅ በሚሠሩት በብዙዎቹ ኪቦርዶች ተ እና ጠ አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው፤ ቸ እና ጨ፣ ነ እና ኘም እንደዚያው። ሺፍቱ ካልተያዘ መጣ መታ ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ፊደል አራሚ አይደርስላችሁም።

ከዚህ የባሰው «ይገድላል» እና «ይገደላል» ነው። ልዩነቱ ድ እና ደ ብቻ ነው፤ ገዳዩ ግን ሟች ሆኖ ያርፋል። መፍትሄው ከመላካችሁ በፊት ግሶቹን ብቻ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ጽሑፉን በሙሉ ካነበባችሁት ዓይን ያሰበውን እንጂ የተጻፈውን አያይም።

«ይመታል» ደግሞ ግድፈት ሳይኖረውም ያጣላል። አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላት ስለማይታይ፣ «ጦረኛው ይመታል» ሲባል ዱላው ከእሱ ይውጣ ወይም በእሱ ላይ ይረፍ አይታወቅም። ስለዚህ «ይመታዋል» ወይም «ዱላ ያርፍበታል» በሉ። በውጊያ ተራ ላይ ብቻውን የቆመ «ይመታል» እንዳትልኩ አጥብቄ እለምናለሁ።

የተጻፈው ነገር ሲፈለግ አይገኝም

ጎራዴው ማን ጋ እንደቀረ ለማወቅ ትፈልጋላችሁ፤ የለም ይላል። ከወር በፊት የጻፈው ሰው «ጐራዴ» ብሎት ነበር። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ዩኒኮድ (ስልክና ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት) ግን የግእዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያስገባ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ስለሰጠው፣ ለስልኩ ጎ እና ጐ እንደ በ እና ለ የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ።

የካራክተሮችን፣ የቦታዎችንና የዕቃዎችን ስም በአንድ አጻጻፍ ዘርዝራችሁ በቡድኑ አናት ላይ ሰኩት፤ ሁሉም ከዚያ ይቅዳ። የግእዙን ሥር የሚያውቅ ካለ እሱ ያዘጋጀው። ከሌለም አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት፤ በጨዋታ መሃል በሐ እና በሀ መከራከር ምሽቱን ይበላል።

የካራክተሩ ስም በየመልእክቱ ይለዋወጣል

ስልኩ የማያውቀውን ስም በሚያውቀው ቃል እየተካው ነው። ስሙን በኪቦርዱ የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ አስገቡት።

ዳይስ የሚጥለው ቦት (በትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም) ዝም ይላል

ትእዛዙን ስትጽፉ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር፤ ወይም በ2 ፋንታ ፪ ገብቷል። ቀይራችሁ እንደገና ላኩት።

ከተላከ በኋላስ?

እስካሁን የመለሰ ሰው ከሌለ ወዲያው አርሙት። ቴሌግራም ለ48 ሰዓት ይፈቅዳል። ከተመለሰላችሁ ግን ያንን መልእክት አትንኩት። እኔ «መታ»ን በጸጥታ «መጣ» ባደርገው ኖሮ፣ ከሥሩ መድኃኒት የጠጣችው ፈዋሽ ያለምክንያት የጠጣች ትመስል ነበር። ከታች ኮከብ አድርጋችሁ ትክክለኛውን ቃል ጻፉ፤ ከጨዋታው ውጪ እንደምትናገሩ እንዲታወቅ በድርብ ቅንፍ ክበቡት። የደረሰውን ጉዳት ጌም ማስተሩ ይወስን። እኔ ብልቃጡንና 8ቱን ነጥብ መለስኩ፤ ሌሎቹ የተጫወቱትን ሦስት ተራ ግን አልነካሁም።

የሌላ ሰው ግድፈት በውስጥ መስመር ይነገር። ቨርጂኒያ ያደገች አንዲት ተጫዋች አለችን፤ አማርኛ መጻፍ የጀመረችው በትልቅነቷ ነው። «ቸለማ» ብላ ስትጽፍ አንዱ በሁሉም ፊት አረማትና ሁለት ሳምንት ድምጿ ጠፋ። የእሷ ስህተት ከሺፍት የመጣ አልነበረም፤ ጨ እና ቸ ገና በጆሮዋ አልተለዩም ነበር። ስትመለስ ለብቻዋ ጻፍኩላት፦ «እህቴ፣ ‹ጨለማ› በጨ ነው። ዋሻውን ግን እንዴት አድርገሽ ገለጽሽው! ብርዱ ተሰማኝ።» ወዲያው ገብታ ከታች በኮከብ አረመችው፤ ቀጥላም «ጨረቃ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ።