በክለብ ባለቤቶችና በቦርድ ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ደጋፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ኳስ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ክለቡ ሲበላሽ ዝም የሚል ግን ብዙም የለም። ችግሩ የሚመጣው ቁጣውን ወዴት እንደሚያመሩት ላይ ነው። ብዙ ተቃውሞ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሰው ላይ ይጮህና ሥልጣኑ ያለው ሰው ሳይነካ ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ከዚያው አንድ ጉድለት የሚወለዱ ናቸው።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይለዩ መነሳት

በቴሌቪዥን የምናያቸው የእንግሊዝ ተቃውሞዎች ስሙና ሀብቱ የሚታወቅ ባለቤት ላይ ያነጣጠሩ ናቸው። የግሌዘር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ አብዛኛውን ገንዘብ ተበድሮ ዕዳውን ለክለቡ አሸከመው። ስለዚህ የዚያ አገር ደጋፊ ትኬት አለመግዛቱ፣ ማሊያ አለመልበሱና ስፖንሰር ላይ መጮሁ ትርጉም አለው፤ ባለቤቱ የሚኖረው በዚያ ገቢ ነው።

የከተማ ክለብ አሠራሩ ሌላ ነው። የጎንደሩን ፋሲል ከነማን ጨምሮ አብዛኞቹ የከተማ ክለቦቻችን የቆሙት በከተማ አስተዳደር ድጋፍ፣ በስፖንሰር፣ ከሊጉ በሚገኝ ድርሻና በደጋፊ መዋጮ ነው። ቦርዱን የሚሰይመው አካልም ከበጀቱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ከመጮኻችሁ በፊት አራት ወረቀት እጃችሁ ላይ ይኑር፦ የክለቡ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝርና የሥራ ዘመናቸው፣ የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት፣ ከከተማው ለክለቡ የተያዘው በጀት። ደንቡ ውስጥ በተለይ ጠቅላላ ጉባኤ በማን እንደሚጠራና ስንት አባል ሲጠይቅ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት ግዴታ እንደሚሆን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚያች አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንም አላነበባትም እንጂ።

ወረቀቱን ክለቡ ካልሰጠ ከተማ አስተዳደሩን በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ክለቡ ራሱ የመንግሥት አካል ነው አይደለም የሚል ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ የምትጠይቁት ከተማው ስለሰጠው ገንዘብ ነው።

ጊዜም ይቆጠራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ነሐሴ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ የመጣ ነው። ጥያቄያችሁ ለምክር ቤት አባላት መድረስ ያለበት ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ገና ረቂቅ ሳለ ነው።

«ይውረዱልን» ብሎ ማቆም

«ይውረዱ» ስሜት እንጂ ጥያቄ አይደለም። ማን ይውረድ? በማን ይተካ? እስከ መቼ? ከሦስት ያልበለጡ ጥያቄዎች ጻፉ፤ እያንዳንዱ ማን እንደሚፈጽመውና መቼ እንደሚፈጸም የሚናገር ይሁን። «ቦርዱ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኦዲት ሪፖርት እስከ ግንቦት 30 ለደጋፊዎች ይፋ ያድርግ» የሚለውን ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም ብሎ ማንም መመስከር ይችላል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2016 ሊቨርፑል ከሰንደርላንድ ሲጫወት የሆነውን ተመልከቱ። ባለቤቶቹ የአንድ ጨዋታ ትኬት ዋጋን እስከ 77 ፓውንድ ሊያደርሱ ነበር። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ደጋፊ በ77ኛው ደቂቃ ተነስቶ ወጣ። ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። በአራተኛው ቀን ባለቤቶቹ ዕቅዱን ሰርዘው ከፍተኛውን ዋጋ በ59 ፓውንድ አቆሙ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቁጥር፣ ማንም ሊያጣምመው የማይችል ምልክት ነበር። አንድም ነገር አልተወረወረም።

ትኬት አለመግዛትን እንደ ዋና መሣሪያ መቁጠር

በእንግሊዙ ብላክፑል ክለብ ላይ ሠርቷል። የክለቡን ባለቤት የኦይስተን ቤተሰብን የተቃወሙ ደጋፊዎች ለዓመታት ከሜዳ ቀሩ፤ ክለቡ ከቤተሰቡ ቁጥጥር ሲወጣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ከ15 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተመለሰ። እኛ ዘንድ ግን ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል። ፋሲል በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን ውድድሩ የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነው። ጎንደር ላይ ጨዋታ ከሌለ ጎንደር ላይ የሚቀር ደጋፊ ማንንም አይጎዳም።

የሚሻለው ሁለት ቦታ መሥራት ነው። አንደኛው ደጋፊው በትክክል የሚሰበሰብበት ዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ ፊርማ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሁለተኛው ስፖንሰሩ ነው። ስፖንሰሩን አትሳደቡ፤ ውሉ ሲታደስ የኦዲት ሪፖርት ማቅረብን ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርግ በደብዳቤ ጠይቁት። ይህን ለማድረግ ምንም አይከብደውም፤ ለቦርዱ ግን ከአንድ ሺህ ሰው ጩኸት በላይ ይከብዳል።

ፊርማው ራሱ በብዙ ቦታ ይበላሻል። ጥያቄው በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ተጽፎ ሌላው ባዶ ሠንጠረዥ ከሆነ «ሰዎቹ ምን እንደፈረሙ አናውቅም» ይባልና ሁሉም ይጣላል። በየገጹ አናት ላይ ሙሉው ጥያቄ ይታተም፤ ከሥሩ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ፣ ቀን። በአንድ ኤፎር ወረቀት ከ20 ሰው በላይ አታስፈርሙ፤ ጽሑፉ ይጨናነቃል። ስልክ ቁጥር አትጠይቁ። ዋናውን አስቀምጡ፣ ፎቶ ኮፒውን አስገቡ።

ያለ ማሳወቂያ አደባባይ መውጣት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። አሠራሩ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ተቀምጧል፦ አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ጽሑፉ ዓላማውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሚታለፍበትን መንገድ፣ ከመንግሥት የሚፈለገውን ድጋፍ፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይይዛል። ጽሕፈት ቤቱ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በአንዲት ማኅተም ነው። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ፤ አንዱ እዚያ ይቀራል፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ይመታላችኋል። ማኅተሙ ቀን እንጂ ሰዓት የለውም፤ ሕጉ ደግሞ የሚቆጥረው በሰዓት ነው። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን «እህቴ፣ የተረከብሽበትን ሰዓት ጻፊልንና ፈርሚበት» በሏት። ሰልፉ እሑድ ከጠዋቱ 3፡00 ከሆነ የ48 ሰዓቱ ገደብ አርብ ጠዋት 3፡00 ነው፤ አርብ ጠዋት መሮጥ አያዋጣምና ረቡዕ አስገቡ።

አዋጁ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ በ100 ሜትር ውስጥ ሰልፍ ማድረግን ይከለክላል። የ44ቱ ታቦት ከተማ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ፒያሳና የፋሲል ግቢ ዙሪያ በወረቀት ላይ ያመረ የሚመስል መንገድ ሁለትና ሦስት ደብር ሊነካ ይችላል። መንገዱን በእግር ሂዱበት፤ 100 ሜትር ለአዋቂ ሰው 130 እርምጃ ገደማ ነው። ቅዳሜን ለቅዳሜ ገበያ፣ የጥምቀትን ሰሞን ለታቦታቱ ተዉላቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ወይም ስብሰባን የሚገድብ የጸጥታ ክልከላ መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ካለ አደባባዩን ተዉትና በፊርማና በደብዳቤ ሥሩ። የማንም ወጣት ሕይወት ለቦርድ ምርጫ አይከፈልም።

ሜዳ መግባትና መወርወር

እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2024 የእንግሊዙ ሬዲንግ ክለብ ደጋፊዎች ባለቤቱን ዳይ ዮንጌን በመቃወም ሜዳ ገብተው ከፖርት ቬል ጋር የነበረው ጨዋታ ተቋረጠ። ክለቡ ከእሱ እጅ የወጣው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በሽያጭ ነው። ጀርመኖች የቴኒስ ኳስ ወርውረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የሊጉን የኢንቨስተር ድርድር ማሰረዛቸው እውነት ነው፤ እኛ ሜዳ ላይ ግን የሚወረወረው የቴኒስ ኳስ ሳይሆን ሃይላንድ ነው፤ ከሃይላንዱ ቀጥሎ ድንጋይ ይመጣል። ዳኛውና ኮሚሽነሩ በሪፖርታቸው የሚጽፉት የተወረወረውን እንጂ የተወረወረበትን ምክንያት አይደለም። ቅጣቱ ክለቡ ላይ ያርፋል፤ ቦርዱም «ክለቡን የጎዱት እነሱ ናቸው» የሚል ማስረጃ በነጻ ያገኛል።

ስድብ፣ ብሔርና «ሌባ»

ዜማው ወደ ብሔር የተንሸራተተ ዕለት ተቃውሞው አልቋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ያስቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ግን ከጎናችሁ የነበረውን ሰው ሁሉ ያጠፋባችኋል። ዜማ አውጪው አስቀድሞ ይመረጥ፤ መስመር የሳተ ዜማ ሲነሳ እሱ ከበሮውን ያቁም፤ ከበሮ ሲቆም ዜማው ይሞታል። የፖለቲካ ዓርማም አይግባ።

የቦርድ አባል ቤት አትሂዱ፤ ልጆቹንና ቤተሰቡን በምንም ምክንያት አታንሱ። ሰነድ ሳይኖር «ሌባ» ብሎ መጻፍ በስም ማጥፋት ያስከስሳል። «ለዝውውር የተመደበው ገንዘብ በዝርዝር ይገለጽ» የሚለው ግን ማንንም አያስከስስም፤ መልስ ግን ያስፈልገዋል።

የማይነበብ ባነር

ከወዲያኛው ትሪቡን፣ ከ100 ሜትር ርቀት፣ ትንሽ የአማርኛ ፊደል በቀላሉ አይለይም፤ ሀ ከሁ፣ ለ ከሉ ይምታታል። 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 6 ሳንቲ ሜትር የመስመር ውፍረት ይሁን። «ኦዲቱ ይፋ ይሁን» ስምንት ፊደል ነው፤ ከክፍተቱና ከዳሩ ጋር 6 ሜትር አቡጀዲ ይበቃዋል። ከአምስት ቃል በላይ አትጻፉ። የውሃ ቀለም በዝናብ ይወርዳል፤ በዘይት ቀለም ጻፉና አንድ ሙሉ ቀን አድርቁት። እንጨት በር ላይ ፍተሻ ይቀማል፤ ከላይና ከታች 5 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ሰፍታችሁ ገመድ አሳልፉበት፤ አምስት ሰው ይይዘዋል።

ገንዘብና ውክልና

መዋጮ በአንድ ሰው ቴሌብር መሰብሰብ ከሁሉ ፈጥኖ ደጋፊውን ይከፋፍላል። እድር እንዴት እንደሚሠራ ጎንደሬ አያጣውም፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፤ ሂሳቡ በሦስት ሰው ስም፣ ወጪው በሁለት ፊርማ። ገቢና ወጪ በየሳምንቱ ለሁሉም ይነገር። ኦዲት የሚጠይቅ ሰው የራሱን ደረሰኝ ማሳየት አለበት። ለጉዞ አውቶቡስ ከክለቡ የሚመደብለት የደጋፊ ማኅበር ካለ ደግሞ ተቃውሞውን እሱ ይምራ ማለት አይቻልም፤ ሰዎቹ ቅን ቢሆኑም እጃቸው ታስሯል።

ለድርድር ሦስት ሰው ላኩ፤ ብቻውን ማንም አይግባ። ከመግባታቸው በፊት የቱን ጥያቄ እንደማይለቁና የቱን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ከሁላችሁም ጋር ይወሰን። ቡና ተጠጥቶ በእጅ መጨባበጥ የሚያልቅ ስብሰባ አይሁን፤ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ በየነጥቡ ፈጻሚውና ቀኑ ገብቶ፣ ሁለቱም ወገኖች ፈርመው፣ አንዱ ኮፒ እጃችሁ ላይ ሳይገባ ከክፍሉ አትውጡ። ቀኑ ካለፈ ያንን ኮፒ አባሪ አድርጋችሁ ለከተማው ምክር ቤት አስገቡ፤ ግልባጩን ለስፖንሰሩ።